ዘውድና ጎፈር

ነገሩ የጀመረው በአንዲት አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ባለፈው የእረፍት ቀን የእህቴ ልጆች ቤቴ መጥተው ቁምሳጥኑን ሲበረብሩ ያገኟታል። ውስጧ ያለው መቼም በየቤቱ የታወቀ ነው። ልብሱ ያለቀ የልብስ ቁልፍ፣ በሩ የጠፋ የበር ቁልፍ፣ የቆመ የእጅ ሰዓት፣ ከሥር ደግሞ አንድ እፍኝ ሳንቲም። ወዲያው "እኔ ነኝ መጀመሪያ ያየሁት"፣ "ውሸቱን ነው፣ እኔ ነኝ" የሚል ጠብ ተነሣ። እኔም ሽማግሌ መሆን አማረኝና አንዷን አሥር ሳንቲም አንሥቼ "በሉ በዕጣ ይለይላችሁ፤ ዘውድ ወይስ ጎፈር?" አልኳቸው።

ትንሹ "ዘውድ!" አለ። እህቱ ጎፈር ደረሳት። ሳንቲሟን ወደ ላይ አጉኜ መዳፌ ላይ ቀለብኳት። ትንሹ ተንጠራርቶ አየና ግራ ገባው። "ጋሼ፣ ዘውዱ የታለ? ይኼ እኮ ፍየል ነው" አለኝ።

ፍየል አይደለም፣ እደርስበታለሁ። ዘውድ ግን እውነትም የለም። ስንት ዓመት ሙሉ "ዘውድ ወይስ ጎፈር" እያልን ኳስ ጀምረናል፣ ተራ ይዘናል፣ ሻይ የሚጋብዘውን ለይተናል። አንድም ቀን ግን ሳንቲሟን ገልብጠን "ዘውዱ የት አለ?" ብለን አልጠየቅንም። ልጅ ሲጠይቅ ነው ሰው የሚነቃው። በዚያ ቀን ማታ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ቆርቆሮዋን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩና የሀገራችንን ገንዘብ ፊት፣ እንደ ሰው ፊት፣ እያየሁ አመሸሁ። የታየኝን እነሆ።

በገንዘብ ላይ ፊት ማተም ለዚች ሀገር የትናንት ነገር አይደለም። በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም የአክሱሙ ንጉሥ እንዱቢስ በወርቅና በብር ሳንቲም አስመትቶ መልኩን አተመበት። ከእርሱ በኋላ የመጡት ነገሥታትም እንዲሁ አደረጉ። ንጉሡ መሐል ላይ ሆኖ ግራና ቀኙን የእህል ዛላ ያጅበዋል። እንስሳ የለም፤ አንበሳም የለም። የንጉሡ ሞገስ የታየው በእህል ነው። ከራሱ በላይ መጀመሪያ ጨረቃና ክብ ምልክት ነበረ፤ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል ቦታውን መስቀል ያዘው። መስቀልን በገንዘባቸው ላይ ካተሙት የዓለም መንግሥታት አክሱም ከቀደምቶቹ አንዷ ናት።

ከአክሱም ገንዘቦች ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ግን በአንዳንዶቹ የመዳብ ሳንቲሞች ላይ በግሪክኛ የተጻፈው ነው። ትርጉሙ "ይህ ለሀገሩ ደስ ያሰኝ" እንደ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ወርቁ ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ የውጭ ንግድ ገንዘብ ነበር። መዳቡ የገበያተኛው፣ የተራው ሰው ነው። ንጉሡ መልኩን ካተመ በኋላ እንደገና ሕዝቡን "ደስ ይበላችሁ" ብሎ መማጸን ለምን አስፈለገው? ያ ንጉሥ አንድ የገባው ነገር ነበር። ፊትን በብረት ላይ ማተም የንጉሥ ሥልጣን ነው፤ መቀበልና አለመቀበል ግን የገበያተኛው ነው።

አክሱም ሲዳከም ሳንቲሙም በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቀረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ረጅም ዘመናት በሰፊው የተገበያየንበት ገንዘብ ፊት የሌለው ነው። አሞሌ ጨው። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ደጋውን ይወጣል። ከመቆረጫው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ዝናብ ካገኘው ይሟሟል፤ ከተሰበረ ይረክሳል። የማንም ንጉሥ መልክ የለበትም፤ ግን ሁሉም ያምነው ነበር፤ ምክንያቱም ሌላው ቢቀር ወጥ ውስጥ ይገባል። "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ብለው ይጥሉሃል" የሚለው ተረታችን ለሰው የተነገረ ምክር ይመስለን ይሆናል። እኔ ግን ስለ ገንዘብ ከተነገሩት ሁሉ የበለጠ የገንዘብ ትምህርት ያለው እዚያ ውስጥ ይመስለኛል።

ፊት ያለው ገንዘብ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ፊቱ የኛ ሰው አልነበረም። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ናት። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ብሯ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ፣ እርሷ ከሞተች በኋላም እየተመታ በቀይ ባሕር በኩል ይጎርፍ ጀመር። የኛ ሰው "ማርትሬዛ" አላት፣ "ጠገራ" አላት። ሀገሯን አያውቅም፣ ቋንቋዋን አይሰማም፤ መልኳን ግን ከጎረቤቱ መልክ ይበልጥ ያውቃል። በራሷ ጌጥና በትከሻዋ ማያያዣ ላይ ያሉት የዕንቁ ነጠብጣቦች ጎልተው ካልታዩት ብሩን አይቀበልም። ጠርዙን ይዳስሳል፣ ያንቃጭላል፣ ይመዝናል። ሃያ ስምንት ግራም ገደማ ነው። ከተረፈው ለሚስቱ የአንገት መስቀል ያሠራበታል። የዛሬው "ብር" የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከማዕድኑ ነው። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲሰናዳ እ.ኤ.አ. በ1935 የማርትሬዛን ማስመቻ ቅርጽ ከቪየና ወስዶ ሮም ላይ አስመታ። ጥይትና ታንክ ይዞ የሚመጣ ሰው እንኳ ያቺን የሞተች ሴትዮ ሳይዝ ወደዚህ ሀገር መግባት እንደማያዋጣው ገብቶት ነበር ማለት ነው።

አጼ ምኒልክ በዚህ ሳይቆጩ አልቀሩም። በ1887 ዓ.ም.፣ ማለትም ከዓድዋ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ የራሳቸው መልክ ያለበት ብር ፓሪስ ተመቶ መጣ። ክብደቱም የብሩም ጥራት ከማርትሬዛ ጋር የተቀራረበ ነው። በአንድ በኩል ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ደፍተው ይታያሉ። በሌላው በኩል አንበሳ ዘውድ ደፍቶ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ፣ መስቀል ያለበት ሰንደቅ ይዞ ቆሟል፤ ዙሪያውን "ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ" ይላል። እንግዲህ የኛ "ዘውድና ጎፈር" ጨዋታ ለብሶት የነበረው ልብስ ይኸው ነው። በአንዱ ገጽ ዘውድ፣ በሌላው የአንበሳ ጎፈር። ጎፈር ደግሞ የአንበሳው ብቻ አይደለም፤ ድሮ ጀግናው ገድሎ ሲመለስ ከራሱ ላይ የሚያጠልቀውም ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? ከተማው ተቀበለው፤ ገጠሩ ግን አመነታ። ባላገሩ ንጉሡን አልጠላም፤ በጎቹን ሸጦ ሲመለስ ግን የለመዳትን ሴትዮ ይዞ መመለስ መረጠ። ምኒልክ የጣሊያንን ጦር ዓድዋ ላይ ድል ነሡ፤ ከመቶ ዓመት በፊት የሞተችውን ማርትሬዛን ግን ከገበያ ማስወጣት አልሆነላቸውም። እኔ በዚህ አላፍርም። የሀገሬ ገበሬ የንጉሡን ፊት አክብሮ፣ እጁ ላይ ያለውን ብር ግን ለብቻው የመመርመር መብቱን ያልሰጠ ሰው ነበር ማለት ነው።

የሚገርመው፣ በኋላ የምኒልክም ፊት እንደ ማርትሬዛ የሙታን ፊት ሆነ። ንጉሡ በ1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ልጃቸው ዘውዲቱ በ1909 ነገሡ። በገበያ የሚዞረው ግርሽ ግን የአባትየውን መልክና የድሮውን ዓመት እንደያዘ መመታቱ ቀጠለ። ስለዚህ ገበሬው በአንድ ኪሱ የሞተች የባዕድ ንግሥት፣ በሌላው ኪሱ የሞተ የራሱ ንጉሥ ይዞ፣ በሕይወት ላለችው ንግሥት ግብር ይከፍል ነበር።

ወረቀቱስ? የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በግብጽ ብሔራዊ ባንክ ሥር ሆኖ ነው። በ1907 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን የወረቀት ገንዘቦች ሲያወጣ የመረጠው የዱር አራዊትን ነው፤ አጋዘን፣ ነብር፣ ዝሆን። እኔ ሳስበው ይኼ የባለ አገር ምርጫ አይመስለኝም። ባለ አገር ሰው ነብርን የሚያውቀው በጉን ሲበላበት ነው። በገንዘቡ ላይ ነብር የሚያምረው አዳኝና መንገደኛ ነው። የሆነ ሆኖ ሕዝቡ ነብሩንም ዝሆኑንም አልፈራቸውም፤ አላመናቸውምም። ወረቀት አይቀልጥ፣ መስቀል አይሆን። በ1923 ዓ.ም. አጼ ኃይለ ሥላሴ ባንኩን ገዝተው የኢትዮጵያ ባንክ አሉት። መቶኛ የተባለው ሳንቲም ያኔ ወጣ። በ1925 ዓ.ም. በወጣው የሁለት ብር ወረቀት ላይ ደግሞ እቴጌ መነን ከባለቤታቸው ጎን ታዩ። ስሟ የሚታወቅ ኢትዮጵያዊት በወረቀት ገንዘባችን ላይ እንዲህ መታየቷ እምብዛም ያልተደገመ ነገር ነው።

ከዚያ ወረራው መጣ፤ ሊሬ መጣ። ጣሊያን ሲወጣ ደግሞ የእንግሊዝ ጦር የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይዞ ገባ። በሽልንጉ አንድ ገጽ የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አለ። በሌላው ገጽ ምን ያለ ይመስላችኋል? አንበሳ! ከኋላው ተራራ ተደርድሮ። ማለትም በዚያ ዕዳ በበዛበት ዘመን እንኳ ሳንቲም ሲጎን "ጎፈር" ያለ ሰው አያፍርም ነበር።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ። ቀኑ የጃንሆይ የልደት ቀን ነው፤ በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስልም። በየወረቀቱ ላይ የርሳቸው መልክ አለ። ከመልካቸው ጎን ግን ደግ ደግ ሥዕል ነበረ፤ በአንድ ብሩ ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፣ በአምስት ብሩ ላይ ቀፎ የተሰቀለበት ግራር። አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ። እንግሊዝ ሄዶ፣ ሽልንጉ ተሰብስቦ ካለቀ ዘመን ቢቆጠርም ሃምሳ ሳንቲምን "ሽልንግ" ስንል የኖርነው ከዚያ ወዲህ ነው። ሕዝብ ገንዘብን እንዲህ ነው የሚያስታውሰው፤ በፊቱ ሳይሆን በምንዛሪው።

ያኔ የወጣችው ክብ ሃያ አምስት ሳንቲምም የራሷ ታሪክ አላት። መዳብ ነበረች፤ ሃምሳ ሳንቲሙ ግን እውነተኛ ብር ነው። ብልጦች ሃያ አምስቷን ብር እየቀቡ በሃምሳ ያስመነዝሯት ገቡ። በሁለቱም ላይ ያለው ፊት ያው የጃንሆይ ፊት ነዋ! በመጨረሻ መንግሥት ጠርዟን እንደ አበባ ቅጠል አስጎድጉዶ ለየላት። ንጉሡ በሁለቱም ላይ ንጉሥ ናቸው፤ ገበያው ግን የሚያየው ጠርዙን ነው።

ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። በዚያው ዓመት በነሐሴ አረፉ፤ አሟሟታቸውም በኋላ በፍርድ ቤት የታየ ነው። ገንዘቡ ላይ ያለው መልካቸው ግን እስከ ጥቅምት 4 ቀን 1969 ዓ.ም. ድረስ አልወረደም። አስቡት እንግዲህ፤ ደርግ ንጉሡን ከዙፋን አውርዶ፣ ለሁለት ዓመት ያህል ወታደሩን ደመወዝ የከፈለው በንጉሡ ፊት ነው። አብዮት ቤተ መንግሥት የሚገባው በአንድ ቀን ነው፤ ኪስ ውስጥ ለመግባት ጊዜ ይፈጅበታል።

አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ ስም ያለው ሰው ሁሉ ጠፋ። በአንድ ብሩ ላይ የማናውቀው ልጅ፣ በአምስት ብሩ ላይ ቡና የሚለቅም ሰው፣ በቀዩ አሥር ብር ላይ ስፌት የምትሰፋ ሴት፣ በመቶ ብሩ ላይ በማይክሮስኮፕ የሚመለከት ወጣት። በኛ ሰፈር የአንድ ብሩን ልጅ "እንትና ነው፣ ዘመዴ ያውቀዋል" የማይል ልጅ አልነበረም። በአምስት ብሩ ጀርባ አጋዘንና ደልጋ አንበሳ አሉ፤ ደልጋ አንበሳውን ግን ብዙዎቻችን ድመት ነው ብለን አደግን። ሳንቲሞቹን ደግሞ ከቆርቆሮዋ አውጥቼ በተራ ደረደርኳቸው። አንድ ሳንቲም ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ አለ። አምስት ሳንቲም ላይ ጠመንጃ የያዘ ወታደር። አሥር ሳንቲም ላይ የእህቴ ልጅ ፍየል ያለው የደጋ አጋዘን። ሃያ አምስት ላይ እጃቸውን ወደ ላይ የዘረጉ ወንድና ሴት። ሃምሳው ላይ ሕዝብ በጅምላ።

ደርግ "መሬት ለአራሹ" ብሎ የመጣ መንግሥት ነው፤ የእኩልነት መንግሥት ነኝ ይል ነበር። ሳንቲሙ ግን አፉን ከፍቶ እውነቱን ይናገራል። አራሹ አንድ ሳንቲም፣ ወታደሩ አምስት ሳንቲም! አንድ ወታደር በአምስት ገበሬ ይመነዘራል። ያውም ለአጋዘኑ አልደረሰም፤ አንድ አጋዘን ሁለት ወታደር ይገዛል። ሥዕሉን የሣለው ሰው ይኼን አስቦ አይመስለኝም። ግን ከዚያ በኋላ የመጡትን ዓመታት ያየ ሰው ምንዛሪው ያን ያህል የተሳሳተ ነበር አይልም። ደግሞም ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ወታደሩ አብሮ አልወደቀም። በ1996 ዓ.ም. የተመታ አምስት ሳንቲም ከቆርቆሮዋ አግኝቻለሁ፤ ያው ወታደር፣ ያው ጠመንጃ።

በሳንቲሞቹ ሌላ ገጽ ግን ዛሬም የቆየው አንበሳ አለ። ራሱ ብቻ። ዘውዱን አውልቋል፣ መስቀሉን አስቀምጧል፣ ሰንደቁን ጥሏል። "ሞዐ አንበሳ" የሚለው ጽሑፍም የለም። አፉን ከፍቶ ያገሳል። በምኒልክ ጊዜ የይሁዳ ነገድ ነበር፣ በእንግሊዝ ጊዜ የጆርጅ ባልንጀራ፣ በደርግ ጊዜ አብዮተኛ፣ ከዚያም የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ። በ2002 ዓ.ም. የወጣውን የአንድ ብር ሳንቲም ብታዩት በአንድ በኩል ሚዛን አለ፤ በሌላው በኩል ያው አንበሳ። በዚህ ሀገር እንደ እርሱ ሳይሻር የኖረ ሹም አላውቅም። ዘዴውም ግልጽ ነው፤ መንግሥት ሲለወጥ ልብሱን አውልቆ ጎፈሩን ይዞ ይቀራል።

አሁን ወደ "ፍየሉ" ልመለስ። የደጋ አጋዘን በዓለም ላይ ያለው በኢትዮጵያ ብቻ፣ በአርሲና በባሌ ተራሮች ነው። የአካባቢው ሰው ከአባቶቹ ጀምሮ የሚያውቀውን የውጭ ሳይንቲስቶች በመዝገባቸው ያሰፈሩት ገና እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። እንግዲህ ይህ አውሬ በሀገሬ ሰው እጅ ላይ በሚሊዮን ታትሞ ዞሯል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን በባሌ ተራሮች ፓርክ ዲንሾ አካባቢ ጥበቃው ሲላላ ብዙው ተገደለ። ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ቢያንሰራራም ዛሬም የመጥፋት አደጋ ካለባቸው እንስሳት ተርታ ነው። በዚያን ጊዜ አጋዘኑን የተኮሰው ሰው ኪሱ ውስጥ የአጋዘኑ ሥዕል ሳይኖር አይቀርም።

የአንድ ብሩን ወረቀት ጀርባ ታስታውሳላችሁ? የጢስ ዓባይ ፏፏቴና ወፎች። ሥዕሉ ላይ ውኃው ይጎርፋል። በ1990ዎቹ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሲሠራ ከውኃው ብዙው ወደ ተርባይኑ ዞረ። ፏፏቴውን ለማየት የሄደ ሰው በበጋ ወራት ያየው ከገደሉ ላይ የሚንጠባጠብ ነገር ነው፤ ብሩ ላይ ግን እንደ ድሮው ሲጎርፍ ነበር። መብራቱንም እንፈልገዋለን፤ አልዋሽም። ግን አንድ ነገር ገንዘብ ላይ ታተመ ማለት ተጠበቀ ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

ሳይሻር የኖረው አንበሳም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። በ2005 ዓ.ም. የወጣ ጥናት በአዲስ አበባ የአንበሶች ማቆያ ያሉት ባለ ጥቁር ጎፈር አንበሶች በዘር ከሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳየ። ጥናቱ ያያቸው አሥራ አምስት ብቻ ነበሩ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ቦታና ገንዘብ ስለጠበበ ደቦሎች በመርዝ እንደሚገደሉ የዓለም ዜና ማሠራጫዎች ዘግበው ነበር። የመንግሥታት ሁሉ ምልክት የሆነ አውሬ፣ ለልጁ የሚሆን የሥጋ ገንዘብ አጣ። በየሳንቲሙ ላይ ሥዕሉ አለ፤ ሥዕሉ ግን ለእርሱ አይመነዘርለትም።

"ታዲያ የሰው ፊት ይመለስ?" የሚል ይኖራል። እስቲ ጎረቤቶቻችንን እንይ። ኤርትራ በ1990 ዓ.ም. ናቅፋን ስታወጣ በሳንቲሞቿ ላይ ያተመችው ሚዳቋ፣ ነብር፣ ሰጎን፣ የሜዳ አህያ፣ አጋዘን፣ ዝሆን ነው። ኬንያ ደግሞ መሪዎቿን ተራ በተራ ስታትም ከኖረች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት የማንም ግለሰብ መልክ በገንዘብ ላይ እንዳይወጣ ከለከለች። እ.ኤ.አ. በ2018 በሳንቲሞቿ ላይ ቀጭኔ፣ አውራሪስ፣ አንበሳና ዝሆን ተተኩ። በቀጣዩ ዓመት አዲስ ወረቀት ስታወጣ ግን የናይሮቢው ትልቅ አዳራሽ ሥዕል አጠገብ የኬንያታ ሐውልት ታየና ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። እንስሳ ማንንም አያስቀይምም። ፓርቲ የለው፣ ብሔር የለው፣ የሚወቀስበት ጦርነት የለው።

በኛም ሀገር ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ዛሬ "አንድ ሰው ምረጡና ብር ላይ እናትም" ብንባል የማን ፊት ላይ እንስማማለን? ያንዱ ጀግና ለሌላው ቁስል ነው። ስሙ የማይታወቀው የአንድ ብር ልጅ፣ ስፌት ሰፊዋ፣ ቡና ለቃሚው፣ እነዚህ ምናልባት ሳናውቀው የተፈራረምናቸው የዕርቅ ውሎች ናቸው። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የብር ለውጥ ሲደረግ አዲስ የመጣው ሁለት መቶ ብር ላይ የታተመችው ርግብ ነበረች። የሰላም ርግብ። ሁለት ወር ሳይሞላት በሰሜን ጦርነት ተነሣ። ርግቧ ስንቅ ተገዛባት፣ የአምቡላንስ ነዳጅ ተገዛባት፣ ለቅሶ ቤት ዕድር ተከፈለባት። በ2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ እስኪፈረም ድረስ ስንቱ እናት ርግቧን በመቀነቷ ቋጥራ ልጇን ስትጠብቅ እንደኖረች እግዜር ይወቀው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ተረዳሁ። ገንዘብ ላይ ያለው ፊት ለገንዘቡ ክብር አይሰጠውም፤ ፊቱ ክብሩን የሚበደረው ከገንዘቡ ነው። ማርትሬዛ የተከበረችው ንግሥት ስለነበረች ሳይሆን ሃያ ስምንት ግራሟ ስላልጎደለ ነው። አሞሌ ፊት ሳይኖረው የተከበረው ስለሚጣፍጥ ነው። ብራችን ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሁለት ከሰባት ሳንቲሙ በአንድ ዶላር ሲመነዘር ኖሮ በ1985 ዓ.ም. አምስት ገባ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ መቶን ተሻገረ። በዚያ መንገድ ላይ መጀመሪያ የወደቀው ገበሬው ነው፤ አንድ ሳንቲም። ቀጥሎ ወታደሩ፣ ቀጥሎ አጋዘኑ። ሃያ አምስቱና ሃምሳውም ተከተሏቸው። ማንም አዋጅ አላወጀም፤ ታክሲ ረዳቱ ተቀብሎ አያውቅ፣ ባለ ሱቁ በማስቲካ ቀየራቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የተቀመጡት አዛውንት እንኳ "ልጄ፣ ይኼን ምን አደርገዋለሁ?" አሉ። ለራሱ ሲል ያልጣፈጠ ጨው ድንጋይ ሆነና ተጣለ። ከድንጋዩ ጋር ግን ሥዕሉም ተጣለ። አርባ ዓመት ሙሉ በየልጁ መዳፍ ላይ የነበረው የደጋ አጋዘን፣ ዛሬ በአንድ ትውልድ ዓይን ፍየል ሆነ።

በማግስቱ ልጆቹ ተመልሰው መጡ። አሥር ሳንቲሟን በጨርቅና በአመድ አሽቼ አብርቼ ጠበቅኳቸው። አጋዘኑን አሳየኋቸው፤ ቀንዱ እንዴት እንደሚጠማዘዝ፣ ባሌ የት እንዳለ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም ሀገር እንደሌለ ነገርኳቸው። ትንሹ አፉን ከፍቶ ሰማኝና "አሁንም አለ?" አለኝ።

"አለ" አልኩት። "ጥቂት ነው እንጂ አለ።"

ሳንቲሟን ከእጄ ተቀበለ፣ ገለባበጣት፣ ከዚያ ወደ እህቱ ዞሮ ልክ እንደ ዳኛ ቆጣ ብሎ ጠየቃት፤

"ጎፈር ወይስ አጋዘን?"